የላብ ሥራችሁን ለአካባቢው ሰው በአማርኛ እንዴት ታካፍላላችሁ?

የባዮኢንጂነሪንግ፣ ማለትም ምህንድስና ለሕክምናና ለሥነ ሕይወት የሚውልበት፣ ላብ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ደምና ሰገራ የሚመረመርበት ክፍል ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሱቅ ያለው ልጅም፣ መንዝ ያለችው እናታችሁም ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ምን እንደምትሠሩ ማወቅ ይፈልጋሉ። የሚነግራቸው ግን የለም።

መጀመሪያ የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ። ፌስቡክም ይሁን፣ እኔ ግን ቴሌግራምን እመርጣለሁ። ኔትወርክ ደካማ በሆነበትም ጽሑፉ ይደርሳል፣ ሰው ደግሞ ወደ ቤተሰብ ግሩፕ በቀላሉ ፎርዋርድ ያደርገዋል። «ድረ ገጽ እናሠራና ከዚያ እንጀምር» የሚል ሐሳብ ከመጣ አትቀበሉ፤ ድረ ገጹ ሳያልቅ ልጆቹ ተመርቀው ይሄዳሉ።

አማካሪያችሁን አስፈቅዱ። ያልታተመ ውጤት ያለ እሱ ወይም ያለ እሷ ፈቃድ አይወጣም። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚታሰብለት ሥራ ከሆነ ደግሞ ማመልከቻው ሳይገባ ምንም አትለጥፉ።

የመጀመሪያውን ፖስት ሰው ከሚያውቀው ነገር ጀምሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እኛ ጋ የሚቆየው ለዚህ ነው። ላብ ውስጥም ያው ጣጣ አለ። ዕቃ ከጀርም ነፃ የምናደርግበት አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። ባሕር ጠለል ላይ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መጠን) ሲያሳይ ይበቃል፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ 19 አካባቢ ያስፈልጋል። ባቄላ ቀቅላ የምታውቅ ሴት ይህን ፖስት እስከ መጨረሻው ታነበዋለች።

አሁን ከባዱ ነገር። ውጤትን መጻፍ።

ጦስኝን እንውሰድ። በጓሳና በጣርማ በር የሚበቅለውን ማለቴ ነው። ዘይቱ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም ባክቴሪያ እንደሚገድሉ የታወቀ ነው። ዘይቱን ለቁስል መሸፈኛ በሚሆን ጄል ውስጥ አስገብታችሁ ሞከራችሁ እንበል፣ ሠራ። እጃችሁ ወዲያው «ጦስኝ ቁስል እንደሚያድን ተረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ይፈልጋል። አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው ባክቴሪያ በሚበቅልበት የላብ ሳህን ላይ ነው፣ ሰው ደግሞ ሳህን አይደለም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ የማውቀው ቡድን የስኳር ሕመም ላመጣው የእግር ቁስል «መድኃኒት» የሚል ርዕስ ለጠፈ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ልጅ እግራቸው የቆሰለ እናቱን ከገጠር በአውቶቡስ አሳፍሮ ላብ በር ላይ አመጣቸው። የሚሰጣቸው ነገር አልነበረም። ሐኪም ቤት መሄድ የነበረባቸው ቀን በመንገድ አለቀ።

ስለዚህ እያንዳንዱ የውጤት ፖስት ሦስት ነገር ይናገር፦ የት እንደታየ፣ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ፣ ገና ምን እንዳልተሞከረ። እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦ «ይህ በእንስሳም በሰውም ገና አልተሞከረም፣ ቁስል ላይ እንዳታደርጉት። የጦስኝ ዘይት ያለበትን ጄል ባክቴሪያ በዘራንበት ሳህን ላይ አስቀመጥን። በማግስቱ በጄሉ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ታየ። ዘይት በሌለው ጄል ዙሪያ ግን ክብ አልታየም።»

ማስጠንቀቂያው ለምን ፊት እንደመጣ አስተውሉ። ሰው የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ነው። ፎቶው ደግሞ ያለ ጽሑፉ ይዞራል፣ ስለዚህ «በሰው ላይ ያልተሞከረ» የሚለውን ፎቶው ላይም ጻፉበት። ውበቱን ያበላሻል የሚላችሁ ይኖራል፤ ያበላሸው።

ለፎቶ ስልክ ይበቃል፣ ውድ ካሜራ አትግዙ። የስልኩን ካሜራ በማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ርካሽ የስልክ መያዣ ብትገዙ ግን ዋጋ አለው። ከመለጠፋችሁ በፊት ፎቶውን አጉልታችሁ ቲዩቦቹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የታካሚ ስም ወይም የካርድ ቁጥር ካለ ፎቶው ይሰረዛል፣ በቃ። ጓንት ያደረገ እጅ ስልክ ይዞ ከታየም አትለጥፉት። ተማሪዎች ያዩታል፣ ልክ መስሏቸው ይቀዱታል።

የላቡን ሰዎችም አሳዩ፣ እሺ ካሉ። ፕሮፌሰሩን ብቻ ሳይሆን ብልቃጥ የምታጥበውን፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ደውሎ የሚቀሰቅሳችሁን ጥበቃም። የ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፍሪዘር መብራት ሲጠፋ እንዴት እንደሚተርፍ የሚያሳይ ፖስት እኔ ከማንኛውም የሽልማት ፎቶ አስበልጬ አነበዋለሁ። ቡና ስትጠጡም አንሱ፣ ግን ከላብ ውጭ፣ ጋዋን አውልቃችሁ።

ኮሜንት ክፍት ይሁን፣ መልስም ስጡ። «እናቴን እንዲህ ያማታል» ለሚል ግን ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት ከመንገር ውጭ ሌላ ነገር አትጻፉ። አዛኝነታችሁ መድኃኒት ወደ ማዘዝ እንዳይወስዳችሁ።

ከመመረቃችሁ በፊት የቻናሉን ባለቤትነት ለሚቀጥለው ልጅ አስተላልፉ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካበራችሁ ቢያንስ 7 ቀን ሲሞላ ስለሆነ በምረቃው ዋዜማ ብትጀምሩት አይሆንም። ዛሬውኑ አብሩት።