ኦገስታና ሴንት አንድሩስን በየሆሉ ስታነጻጽሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ጎልፍ የምንከታተል ሰዎች ብዙ አይደለንም። ያለነው ግን ከልባችን ነው የምንከታተለው። ሚያዝያ ሲገባ፣ ማስተርስ የተባለው ውድድር በሚጠናቀቅበት እሁድ፣ ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ድረስ ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። በማግስቱ ፒያሳ ላይ ቡና ይዘን ያው ክርክር ይነሳል። ማስተርስ በየዓመቱ የሚካሄድበት የአሜሪካው ኦገስታ ናሽናል ይበልጣል? ወይስ የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ? ወዲያው አንዱ ወረቀት ያወጣል። 18ቱን ሆሎች ጎን ለጎን ይደረድርና ነጥብ መስጠት ይጀምራል።

ሆል ስል ኳሱ መጀመሪያ ከሚመታበት ቦታ ባንዲራው እስከተተከለበት ጉድጓድ ያለውን ሙሉ መንገድ ነው። ፓር ደግሞ አንድ ጎበዝ ተጫዋች ያንን መንገድ በስንት ምት መጨረስ እንዳለበት የሚያሳይ ቁጥር ነው። በየሆሉ ማነጻጸር ጥሩ ነገር ነው፤ ሜዳን በደንብ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። አብዛኛው ሰው የሚሄድበት አካሄድ ግን ወደ ተሳሳተ መልስ ይወስዳል። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ቁጥርን ከቁጥር ጋር ማጋጠም

1ኛውን ከ1ኛው፣ 2ኛውን ከ2ኛው። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ቁጥሩ ተራ ብቻ ነው። ኦገስታን ውሰዱ። በ1934 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የመጀመሪያው ማስተርስ ሲካሄድ የዛሬው 10ኛ ሆል 1ኛ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ግማሾች ቦታ ተቀያየሩ። ያኔ በቁጥር ያነጻጸረ ሰው፣ አንዲት ድንጋይ ሳትነሳ፣ በዓመቱ ሥራውን ሁሉ እንደገና መጀመር ነበረበት።

የሁለቱ ሜዳዎች ስሪትም አይገጥምም። ሁለቱም ፓራቸው 72 ነው። ኦገስታ ግን አራት ፓር 3 እና አራት ፓር 5 ሆሎች አሉት። ኦልድ ኮርስ ከየዓይነቱ ያለው ሁለት ሁለት ብቻ ነው፤ 8ኛውና 11ኛው ፓር 3፣ 5ኛውና 14ኛው ፓር 5። ስለዚህ በቁጥር ከሄዳችሁ የኦገስታን አጭሯን 12ኛ ከኦልድ ኮርስ ፓር 4 ጋር ታጋጥማላችሁ። ከዚህ ምንም ትምህርት አይገኝም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ኦልድ ኮርስ ላይ ሆሎቹ ራሳቸው የተለያዩ አይደሉም። ሰባት ግሪኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሆል ያስተናግዳሉ። ግሪን ማለት ባንዲራው የቆመበት፣ ሣሩ በጣም አጥሮ የተከረከመው ቦታ ነው። የሚጋሩትን ሆሎች ቁጥር ብትደምሩ ሁልጊዜ 18 ይመጣል፤ 2ና 16፣ 3ና 15፣ 4ና 14 እያለ ይቀጥላል። የራሳቸው ግሪን ያላቸው 1ኛው፣ 9ኛው፣ 17ኛውና 18ኛው ብቻ ናቸው። የ5ኛውና የ13ኛው የጋራ ግሪን ከ3,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሰፋል። 5ኛውን ነጥላችሁ ነጥብ ስትሰጡት የግማሹ ባለቤት 13ኛው መሆኑን እየረሳችሁ ነው።

መፍትሔው በሥራቸው ማጋጠም ነው። አጭሩን ከአጭሩ፣ ውሃ ያለበትን ውሃ ካለበት፣ ደፋርን የሚሸልመውን ደፋርን ከሚሸልመው።

ርዝመትን አይቶ መፍረድ

ኦገስታ በ2025 ማስተርስ 7,555 ያርድ ነበር። ኦልድ ኮርስ ኦፕን ሻምፒዮና በሚባለው ትልቅ የብሪታንያ ውድድር ላይ በ2022 7,313 ያርድ ነበር። «ኦገስታ ይረዝማል፣ ስለዚህ ይከብዳል» የሚል ወዳጅ አለኝ። መጀመሪያ ነገር፣ ያርድና ሜትር አትቀላቅሉ፤ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል፤ የኦገስታው ቁጥር 6,900 ሜትር ገደማ ነው።

ዋናው ነገር ግን መሬቱ ነው። ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዋልካ መሬትና አሸዋማ መሬት ዝናብ ሲመታቸው እኩል እንደማይሆኑ እዚህ ሕፃንም ያውቃል። ኦልድ ኮርስ ከባሕሩ ዳር ያለ አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ውሃውን ቶሎ ያሰርጋል፣ ይደርቃል፣ ኳስ ካረፈ በኋላ ረጅም መንገድ ይንከባለላል። እዚያ ላይ ኳስን መሬት ለመሬት ማስኬድ አንድ ትልቅ ችሎታ ነው። ኦገስታ የጆርጂያ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ነው። ኳሱ ብዙውን መንገድ በአየር ነው የሚሄደው። ስለዚህ 400 ያርድ እዚያና 400 ያርድ እዚህ አንድ ርቀት አይደሉም።

ነፋሱም አለ። የባሕር ዳር ነፋስ አቅጣጫውን ሲቀይር፣ ጠዋት ቀላል የነበረ ሆል ከሰዓት በኋላ ፈተና ይሆናል። ከፍታውም አለ። ሁለቱም ሜዳዎች ዝቅተኛ ቦታ ላይ ናቸው፤ ሴንት አንድሩስማ ባሕሩ አጠገብ ነው። 1,600 ሜትር ላይ ባለችው የአሜሪካዋ ዴንቨር፣ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ከ6 እስከ 10 በመቶ ያህል እንደሚርቅ ይነገራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ሆናችሁ አንድን ርቀት በዓይነ ሕሊናችሁ ስትለኩ ይሄንን አስቡ። የእኛ አየርና የሴንት አንድሩስ ቀዝቃዛ የባሕር አየር ለኳስ የተለያዩ ናቸው።

ቴሌቪዥን የሚደብቀውን አለማየት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሃረጎን መንገድ በስልክ ቀርጻችሁ እዩት። ያ ሁሉ ቁልቁለት ስክሪኑ ላይ ሜዳ ይመስላል። ኦገስታም እንዲሁ ነው የሚታየው። 10ኛው ሆል ከመነሻው እስከ ግሪኑ 30 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቦታውን በአካል ያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚናገሩት ስለዚሁ ቁልቁለት ነው። ኦልድ ኮርስ ደግሞ በተቃራኒው ከሩቅ ለጥ ያለ ይመስላል፤ መሬቱ ግን በትንንሽ ጉብታና ሸለቆ የተሞላ ነው። 18ኛው ግሪን ፊት ለፊት ያለው «የኃጢአት ሸለቆ» የሚባለው ጎድጓዳ ቦታ ስክሪን ላይ ብዙም አይታይም። በዚያ የሚያልፍ ተጫዋች ግን አይረሳውም። በ1995 ኦፕን ሻምፒዮና ኮስታንቲኖ ሮካ ከዚያ ጎድጓዳ ውስጥ በረጅም ምት አስገብቶ ውድድሩን ወደ መለያ ጨዋታ ወስዶታል፤ በመለያው ጆን ዳሊ አሸነፈው።

አበባም ያታልላል። ኦገስታ ሚያዝያ ላይ በአበባ ያሸበርቃል። ያምራል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን አበባው ንድፉ አይደለም።

የአሸዋ ጉድጓድ መቁጠር

ኦልድ ኮርስ 112 ያህል ባንከር አለው፣ ኦገስታ 44 ያህል። ባንከር አሸዋ የተሞላ ጉድጓድ ነው፤ ኳስ ከገባበት መውጣቱ ሥራ ነው። ቁጥራቸው ብቻውን ምንም አይናገርም። ኦገስታ ሲከፈት የነበሩት 22 ገደማ ነበሩ፤ ሜዳው ግን ያኔም ትልቅ ሜዳ ነበር። 14ኛው ሆሉ ዛሬ አንድም ባንከር የለውም፣ ግሪኑ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሰቃያል። ኦልድ ኮርስ ላይ ደግሞ ከተጫዋቹ ዓይን የተሰወሩ ባንከሮች አሉ። አንዱ ምክንያት ሜዳው ድሮ በተቃራኒው አቅጣጫም ይጫወቱበት ስለነበር ነው። ዛሬ ቦታቸው ግራ የሚያጋባው አንዳንዶቹ ከወዲያኛው በኩል ለሚመጣ ሰው ፊት ለፊት ይታያሉ። ስለዚህ አትቁጠሩ። «ይሄ ባንከር የትኛውን ምት ያስፈራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሆሉ የሚያቀርበውን ምርጫ መዝለል

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው «ይከብዳል» ወይም «ይቀላል» ብሎ ያልፋል። የአንድ ሆል ንድፍ ዋና ሥራው ግን ተጫዋቹን ማስመረጥ ነው። ምርጫውን ካላገኛችሁ ሆሉን ገና አላያችሁትም።

የኦልድ ኮርስን 17ኛ እና የኦገስታን 13ኛ አጋጥማችሁ እዩ። በቁጥር አይገናኙም። በፓርም አይገናኙም፤ አንዱ ፓር 4፣ ሌላው ፓር 5 ነው። በሐሳብ ግን ወንድማማቾች ናቸው።

17ኛው 495 ያርድ ነው። የመጀመሪያው ምት በቀኝ በኩል ባለ ሆቴል ግቢ ጥግ ላይ ያልፋል። ወደ ቀኝ ተጠግቶ የደፈረ ሰው ወደ ግሪኑ የሚወስደው መስመር ይከፈትለታል፤ አብዝቶ ከቀኘ ግን ኳሱ ከሜዳ ውጭ ነው። ወደ ግራ የሸሸ ሰው ኳሱን አያጣም፤ ሁለተኛው ምት ግን ይከፋበታል። ግሪኑ ጠባብ ሆኖ አግድም ተቀምጧል። ከፊቱ ጥልቅ ባንከር፣ ከጀርባው መንገድና የድንጋይ ግንብ አለ። በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ ግሪን ላይ ከደረሰ በኋላ ኳሱ ተንከባልሎ ባንከሩ ውስጥ ገባበትና በ9 ምት ጨረሰ። በ2022 ካሜሮን ስሚዝ እዚያው ባንከር ከእሱና ከባንዲራው መሃል ሲገባበት ከላይ ሊያሳልፈው አልሞከረም። በፓተር፣ ማለትም ኳስን መሬት ለመሬት በሚያንከባልሉበት ዱላ፣ ዳር ዳሩን አዙሮ ወሰደው፣ ፓሩን አዳነ፣ ዋንጫውንም በላ።

የኦገስታ 13ኛ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሆል ነው። በግራው ጅረት ይሄዳል፤ ያው ጅረት ግሪኑ ፊት ያልፋል። ወደ ጅረቱ የተጠጋ ሰው መንገዱ ያጥርለታል፣ የሚቆምበትም መሬት የተሻለ ደልዳላ ነው። ወደ ቀኝ የሸሸ ሰው ተዳፋት ላይ ቆሞ፣ ኳሱ ከእግሩ ከፍ ብሎ፣ ውሃ አሻግሮ መምታት አለበት። በ2025 ሮሪ ማኪልሮይ እዚህ ምርጫውን ወደ ጥንቃቄ አደረገና በሁለተኛው ምት ከውሃው ወዲህ አቆመ። ሦስተኛዋ አጭር ምት ግን ጅረት ገባችበት፣ ሆሉን በ7 ጨረሰ። ያም ሆኖ በመለያ ጨዋታ ጀስቲን ሮዝን አሸንፎ የማስተርስ አሸናፊ የሚለብሰውን አረንጓዴ ኮት ለበሰ።

ሁለቱም ሆሎች የሚሉት አንድ ነው። ወደ አደጋው ተጠጋ፣ ቀጣዩ ምትህ ይቀልልሃል። በዚህ መንገድ ስታዩ «ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይሳሳል። የትኛው ለተጫዋቹ ብዙ መንገድ ሰጠው የሚለው ይተካል። እኔ በዚህ መስፈርት 17ኛውን አስበልጣለሁ።

የዛሬውን ሜዳ ከትናንቱ ዝና ጋር ማደባለቅ

ኦገስታ በየጊዜው ይቀየራል። 16ኛው ሆል በ1947 እንደ አዲስ ተሠርቷል። 13ኛውም በ2023 ከ510 ወደ 545 ያርድ ረዝሟል። ስለዚህ የድሮ ጀግና የድሮ ታሪክ ስታነሱ የትኛውን ሜዳ እንደምታወሩ ለዩ።

ሁለቱን እንደ ባላንጣ ብቻ ማየት

ፒያሳ ላይ ክርክሩ ሲጦፍ ሰው ሁሉ የሚረሳው ታሪክ አለ። ኦገስታን የነደፉት አሊስተር ማኬንዚና ቦቢ ጆንስ ናቸው። ማኬንዚ ሐኪም የነበረ ሰው ነው፤ በ1924 የኦልድ ኮርስን ዝርዝር ካርታ የሠራው እሱ ነው። ጆንስ ደግሞ በ1921፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ኦልድ ኮርስ ላይ 11ኛው ሆል ባንከር ውስጥ ተቸግሮ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። በ1927 ተመልሶ እዚያው ኦፕን ሻምፒዮናን አሸነፈ። በ1958 የሴንት አንድሩስ ከተማ የክብር ነዋሪነት ሰጠችው።

እነዚህ ሰዎች ወደ ጆርጂያ ሲሄዱ ኦልድ ኮርስን በጭንቅላታቸው ይዘው ነው የሄዱት። የኦገስታ 4ኛ ሆል የተነሳው ጆንስን ካሸነፈው ከዚያው ከ11ኛው ነው። 5ኛው ከ17ኛው ሐሳብ ወስዷል። ወረቀት ይዛችሁ ልትጀምሩ ከሆነ 1ኛውን ተዉትና ከእነዚህ ጥንዶች ጀምሩ። 11ኛውንና 4ኛውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ግሪኑ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ባንከሮቹ የትኛውን ጎን እንደሚጠብቁ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጻፉ። ኮፒው ከዋናው የተለየበትን እያንዳንዱን ነገር ምልክት አድርጉ። ከዚያ 17ኛውንና 5ኛውን፤ ቀሪዎቹን ሆሎች ከዚያ በኋላ ትደርሱባቸዋላችሁ።