የአኳሪየም ተክል ምን እንደጎደለው ከቅጠሉ እንዴት ማወቅና መመገብ ይቻላል

የአኳሪየም ተክል ሲገረጣ ማዳበሪያ ገዝቶ ከመጨመር በፊት ቅጠሉን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል።

1. የተጎዳው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? ናይትሮጅን፣ ፖታሲየም ወይም ማግኒዚየም ሲያጥር ተክሉ ከታችኛው ቅጠል እየነሳ ለቡቃያው ስለሚያሻግር ቀድሞ የሚጎዳው አሮጌው ነው። ቅጠሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን፣ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ቀዳዳ ካወጣና ዳርዳሩ ቢጫ ከሆነ ፖታሲየም ይጠረጠራል። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከገቡበት ቅጠል አይወጡም። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነጣ ብሎ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አንሶታል፤ ተጣሞ ከወጣ ካልሲየም።

2. የውሃውን ናይትሬት (ተክሉ ናይትሮጅን የሚያገኝበትን ውህድ) ይለኩ። በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ጥሩ ነው። ዓሣ በበዛበት ገንዳ ከዓሣው ኩስ የሚመጣው ናይትሬት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ እዚያ ላይ ናይትሬት መጨመር ትርፉ ዓሣውን መጉዳት ነው።

3. ናይትሬቱ ዜሮ ከሆነ 32 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት (የማዳበሪያ ዱቄት ነው) ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው 500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ውሃ ያፍሱበት። ከዚህ 25 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቀድተው 100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሲጨምሩ ናይትሬቱ በሊትር 10፣ ፖታሲየሙ 6 ሚሊ ግራም ገደማ ከፍ ይላል። ዱቄቱ እሳት ስለሚያባብስ ከእሳትም ከልጆችም ይራቅ። ብረትን ከፎስፌት (ፎስፈረስ ካለው ማዳበሪያ) ጋር በአንድ ጠርሙስ አይቀላቅሉ፤ ተያይዘው ይዘቅጣሉና ተክሉ አያገኛቸውም። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ይጨምሩ። ሽሪምፕ ካለ የማዳበሪያውን የመዳብ መጠን ይመልከቱ፤ ሲበዛ ይገድላቸዋል።

4. ክሪፕቶኮሪንና የአማዞን ሶርድ የተባሉት ተክሎች በብዛት የሚመገቡት በሥራቸው ነው። የማዳበሪያ እንክብሉን ከሥሩ አጠገብ አሸዋው ውስጥ ጠለቅ አድርገው ይቅበሩ፤ ላይ ላዩን ከቀረ ለአልጌ (ውሃ ውስጥ ለሚያድገው አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር) ይተርፋል። አኑቢያስ የተባለው ተክል ግን እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ ታስሮ ከውሃው ነው የሚመገበው፤ ወፍራም ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።

5. በየሳምንቱ ከውሃው ከ30 እስከ 50 በመቶውን ይቀይሩ፤ ያልተበላው ማዳበሪያ እንዳይጠራቀም። መብራቱም በቀን በጠቅላላው ከ8 ሰዓት በላይ አይብራ። ብርሃን በበዛ ቁጥር ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ምግብም አብዝቶ ይፈልጋል፤ ካጣ ዕድገቱ ይቆምና አልጌው ይቀድመዋል።

አንዴ የተበሳ ቅጠል ተመልሶ አይድንም። ስለዚህ እሱን በመቀስ ቆርጠው ያውጡና ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ የወጡትን ቅጠሎች ይመልከቱ።