ቤዝመንት ከማከራየታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ዊተን ውስጥ አንድ አሮጌ የጡብ ራምብለር (ከቤዝመንቱ ሌላ ባለ አንድ ፎቅ ቤት) አለኝ። የምሠራው ሌሊት ነው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። ሞርጌጁ ሲከብደኝ ታች ቤቱን አሰናድቼ ላከራይ ብዬ ተነሣሁ። ካለቀ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «እስቲ እንዴት አድርገሽ ነው?» ብሎ የማያስቆመኝ የለም። ቆሞ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩት። የማወራው ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ የራሳችሁን ካውንቲ ጠይቁ።

መጀመሪያ ቤታችሁ በማን ሕግ ሥር እንዳለ እወቁ። ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ከተማ ይምሰሉ እንጂ ከንቲባ የላቸውም፤ የሚያስተዳድራቸው ካውንቲው ነው። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ግን የራሳቸው ዞኒንግ (የትኛው ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስን ደንብ) አላቸው፣ ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ማዘጋጃ ቤታችሁን ጠይቁ። የካውንቲው የዞኒንግ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ። አድራሻችሁን ስትጽፉ «አር-60» ወይም «አር-90» የሚል ነገር ይወጣል። ቁጥሩ እንዳያስፈራችሁ፤ አር-60 ማለት አንድ ቦታ ቢያንስ 6,000 ስኩዌር ፊት ይሁን የሚባልበት ሰፈር ነው፣ አር-90 ደግሞ 9,000።

ካርታውን ካያችሁ በኋላ ዲዳችሁን (የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ) አውጡና አንብቡ፣ ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካላችሁም ደንቡን። በዚህ አካባቢ ባሉ አሮጌ ሰፈሮች የድሮ ዲድ ላይ ጥቁር ሰው በቤት ሠራተኝነት ካልሆነ እንዳይኖርበት የሚል አንቀጽ ልታገኙ ትችላላችሁ። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ስለወሰነ ዛሬ የሞተ ወረቀት ነው። እኔ ግን አንዱን ሳነብ ሻዬን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ መኖሪያ ስለማሰናዳት አሁን የሚሠራውን ሕግ የካውንቲው ምክር ቤት ያጸደቀው በጁላይ 2019 ነው። ከዚያ በፊት ጓሮ ውስጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ቤት መሥራት የሚፈቀደው 1 ኤከርና ከዚያ በላይ መሬት ላለው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን እንደ እኔ ባለ ጠባብ ግቢም ይቻላል። ቤዝመንትም ይሁን ጓሮ፣ በአንድ ቦታ የሚፈቀደው ተጨማሪ መኖሪያ አንድ ብቻ ነው፣ ባለቤቱም እዚያው መኖር አለበት። ላይ ቤቱን አከራይታችሁ ታች ብትኖሩ ችግር የለውም። ሁለቱንም አከራይቶ ወደ ቴክሳስ መሄድ ግን የለም። እንደ ኤርቢኤንቢ ለጥቂት ቀን ማከራየትንም እርሱት።

ሰው ሁሉ የሚወድቀው መስኮት ላይ ነው። መኝታ ክፍል የምትሉት ክፍል እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ከነጓዙ የሚገባበት መስኮት ያስፈልገዋል። ሕጉ ከፍታው ቢያንስ 24 ኢንች፣ ስፋቱ ቢያንስ 20 ኢንች ይሁን ይላል። እኔም ይህንን ሰምቼ 24 በ20 የሆነ መስኮት ከማዘዜ በፊት ላረጋግጥ ብል ካልኩሌተሬ ባትሪው አልቋል፤ ልጄን «አባዢልኝ» አልኳት። 480 ስኩዌር ኢንች መጣ፣ 3.3 ስኩዌር ፊት መሆኑ ነው። የሚፈለገው ክፍት ቦታ ግን 5.7 ስኩዌር ፊት ነው (መስኮቱ ከውጭው መሬት ጋር ተቀራራቢ ከሆነ 5.0)። ስለዚህ ስፋቱ 20 ከሆነ ከፍታው ከ41 ኢንች በላይ መሆን አለበት፤ ከፍታው 24 ከሆነ ደግሞ ስፋቱ ከ34 በላይ። ልኩ የሚወሰደው ከመስታወቱ ሳይሆን መስኮቱ ሲከፈት ከሚገኘው ባዶ ቦታ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው ዓይነት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። እንደ በር የሚከፈተውን ግዙ። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ እንዳይርቅ። ውጭ የሚቆፈረው ጉድጓድም ከ44 ኢንች ከጠለቀ መሰላል ይገጠምለታል።

ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። «ውስጥ ለውስጥ ለሚሠራ ሥራ ፐርሚት አያስፈልግም» ያለኝ አንድ የአገራችን ልጅ ነው። እጁን አልነቅፍም፤ ድራይዎል (የግድግዳ መሸፈኛውን የጂፕሰም ሰሌዳ) ሲለጥፍ መገጣጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም። የለጠፈው ግን ሽቦውን ማንም ሳያየው ነው። ኋላ ደንግጬ ፐርሚት ሳወጣ የመጣው ኢንስፔክተር ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ከኋላው ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እንዳማረበት ቀደድነው። ነጩ አቧራ ዳንቴሌ ውስጥ ገብቶ እስከ ፋሲካ ድረስ ሲራገፍ ነበር።

ቅደም ተከተሉ ይኸው፦ የግንባታ ፐርሚት፣ ከዚያ ጣውላው፣ ሽቦውና ቧንቧው፣ ከዚያ ሳይሸፈን የሚደረገው «ራፍ» ኢንስፔክሽን፣ ከዚያ ድራይዎል፣ በመጨረሻ «ፋይናል» የሚባለው የማጠቃለያ ኢንስፔክሽን። የኤሌክትሪክ ፐርሚት ለብቻው ነው። የቧንቧና የጋዝ ፐርሚት የሚሰጠው ደግሞ ካውንቲው ሳይሆን ደብልዩ-ኤስ-ኤስ-ሲ፣ ያው የውኃ ቢል የሚልክላችሁ ድርጅት ነው። ይህንን ሳላውቅ ስንት ቀን ተመላለስኩ።

ፐርሚቱ ሥራውን ነው የሚፈቅደው። ለማከራየት ከካውንቲው የቤቶች መምሪያ ሌላ ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ «ክላስ 3» ይሉታል። ስታመለክቱ ደጃችሁ ላይ የሚተከል ማስታወቂያ አለ፤ ጎረቤት መቃወም ከፈለገ ጉዳዩ ወደ ካውንቲው የዞኒንግ ጉዳይ ሰሚ ሊሄድ ይችላል። ማስታወቂያው ከመተከሉ በፊት ግራና ቀኝ ያሉትን ራሳችሁ አነጋግሩ። እኔ ድፎ ዳቦ ይዤ ሦስት ቤት አንኳኳሁ። አንደኛው ሽማግሌ ዳቦውን ተቀብለው የጠየቁኝ «መኪናው የት ነው የሚቆመው?» ብቻ ነው። ተቃውሞ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ስለሆነ መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሕጉ ከሜትሮ፣ ከፐርፕል ላይን ወይም ከማርክ ባቡር ጣቢያ በ1 ማይል ውስጥ ላለ ቤት ተጨማሪ ፓርኪንግ አይጠይቅም። እኔ ለዊተን ሜትሮ ቅርብ ነኝ፣ ያ ማለቂያ የሌለው ኤስካሌተር ያለበት። ከ1 ማይል ከራቃችሁ ግን ግቢያችሁ ውስጥ ቦታ አሳዩ።

ጓሮ ውስጥ ለመሥራት ለምታስቡ አንድ ሒሳብ ብቻ ልስጣችሁ። የሚፈቀደው ከሦስቱ ትንሹ ነው፦ 1,200 ስኩዌር ፊት፣ ዋናው ቤት መሬት ላይ ከያዘው ቦታ ግማሹ፣ ወይም ከመሬታችሁ 10 በመቶ። መሬታችሁ 6,000፣ ቤታችሁ የያዘው 1,000 ከሆነ የሚደርሳችሁ 500 ነው። ሁለት መኝታ ያለው ቤት ንድፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ይህንን አስልታችሁ መልሱት።

ለፋይናሉ ቀን የጭስ ደወሎቹን አስቀድማችሁ ሞክሩ። የተያያዙ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ሲጮኽ ሁሉም መጮኽ አለበት። ኢንስፔክተሩ ላይ ቤት ያለውን ሲጫን እኔ ታች ቆሜ እሰማ ነበር። የታችኛው ዝም አለ። ባትሪው አሮጌ ነበር፣ ለዚያ ብቻ ሌላ ቀጠሮ አስያዘኝ።