ድሬ ላይ የሰፈር ትዝታን በትርኢት ለማሳየት

የሰፈሩ ሰው ትዝታውን ራሱ፣ በሆነበት መንገድ ላይ ይጫወተው፤ መድረክ የሚባለውን ነገር እርሱት። እኛ መጀመሪያ ማይክ ተከራይተን ወንበር ደርድረን ነበር። በረንዳቸው ላይ ሲያወሩ በሳቅ የገደሉን እናት ማይኩን ሲጨብጡ ዜና አንባቢ ሆነው ቁጭ አሉ! ከዚያ ወዲህ ማይክ የለም።

አንድ መንገድ ምረጡ። ሰፈሩን በሙሉ አይደለም፣ በሃያ ደቂቃ ተዝናንታችሁ የምትጨርሱትን አንድ መንገድ። ከዚራ ሰፈር ዛፍና ጥላ አለ። መጋላ ሰፈር ደግሞ ጠባብ ነው፣ ሰው ከበዛ መተላለፊያ ይጠፋል። ለቀበሌው አሳውቁ፣ ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ ግን ከቀበሌውም በፊት አናግሩት።

ከዚያ ሰው ጠይቁ። «ልጅነትህን ንገረኝ» ካላችሁ የሚመጣው ያው «ድሮ ፍቅር ነበር» ነው። እውነት ይሆናል፣ ግን ምኑን ትጫወቱታላችሁ? ይልቅ የት ወደቅክ፣ ብይ የት ትጫወቱ ነበር፣ እናትህ ስትጠራህ ድምጿ እስከ የት ይሰማ ነበር በሉ። የመጨረሻዋን ጥያቄ እወዳታለሁ። አንድ አባት ሊመልሱልን ብድግ አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ልክ እንደ እናታቸው የራሳቸውን ስም ተጣሩ። በቃ፣ ትዕይንቱ እሱ ነው። ድርሰት አትጻፉለት፣ እዚያው የተጠሩበት ቦታ ላይ ይድገሙት። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ከሆነ በሩን አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሳሉት።

ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመሻገር ኩኩሉን ተጠቀሙ። ተመልካቹ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ይላል፣ ተጫዋቾቹ «አልነጋም» እያሉ ቦታ ይቀይራሉ፣ «ነጋ» ሲባል ዓይን ይገለጣል። መጋረጃም መብራትም አያስፈልግም፣ ሽማግሌው ሳይቀር ሕጉን ያውቀዋል።

ሰዎች ይጣላሉ፣ በተለይ በባቡሩ ነገር። ባቡር ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም ነው፣ እሱ አያከራክርም። ግን በልጅነታቸው በስንት ሰዓት ይገባ እንደነበር ሁለት ሽማግሌ ጠይቁና ጉዱን እዩ። አታስታርቋቸው። አንዱን ከመንገዱ ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ አቁሙና ሁለቱም ይናገሩ። ቋንቋም እንደዚሁ ነው፦ አማርኛ ጀምሮ ሲናደድ ኦሮምኛ፣ ሲቀልድ ሶማሊኛ የሚሄድ ሰው አቦ ተዉት፣ እንግዳ ካለ አጠገቡ ያለው ሹክ ይበለው።

ደቻቱ ወንዝ ላይ ግን ጠንቀቅ። አሸዋው ለመጫወቻ ይጋብዛል፣ ግማሹ ልጅነታችንም እዚያ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ ደግሞ በሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው ወስዷል። ሰው የሞተበትን ሰው «እስቲ አሳየን» አትበሉ፣ ራሱ ካነሳው ብቻ፣ ያኔም ቁጭ ብሎ ያውራ፣ ማንም አያስመስለው። በዝናብ ወቅት ደግሞ ተመልካች ይዛችሁ ወደ ወንዙ አትውረዱ፣ እዚህ ባይዘንብም ከላይ ከዘነበ ውሃው ድንገት ይደርሳል።

ሰዓቱ ከ10 በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት ፀሐዩ አያስቆምም፣ ግማሹ ሰውም በርጫ ላይ ነው። መግሪብ ሳይደርስ ጨርሱ።

የሻይ ብር ያዙ። ልምምድ ላይ ትንፍሽ ያላለው ሰው ሻይ ላይ ነው «እኔ እኮ…» ብሎ የሚጀምረው። ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹት፣ ይደነግጣል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቅጠሩት።