የጉድጓድ ውሃ እስከ የካቲት እንዲዘልቅ፦ በጅማ ዙሪያ በመስኖ ለሚያለሙ ጎረቤታሞች

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ይሁንና በበጋ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን የሚያለማ ሰው ጥር ላይ ጉድጓዱ ሊነጥፍበት ይችላል። ቤንዚኑን የሚከፍለው ውሃ የሳበው ሰው ነው፤ የውሃው መውረድ የሚያመጣው ወጪ ግን ለጎረቤትም ይደርሳል። ስለዚህ «ቆጥቡ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ኮታ ያስፈልጋል።

ኮታው ከልኬት ይነሳል። ልኬቱን ጥር ላይ አድርጉት፤ መስከረም ላይ ማንኛውም ጉድጓድ ለጋስ ነው። ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አውርዳችሁ የውሃውን ልክ ያዙ፣ 1 ሜትር ያህል ሳቡ፣ ሞተሩን አጥፉና ከ1 ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ። የአፉ ስፋት 1.2 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 113 ሊትር ይይዛል። 40 ሴንቲ ሜትር ከተመለሰ በሰዓት 450 ሊትር ገደማ ያመነጫል። በ24 አባዝታችሁ 10,800 ሊትር አለን እንዳትሉ፤ ውሃው ወደ ነባር ልኩ ሲጠጋ አመላለሱ ይዘገያል፣ የጎረቤት ሞተር ሲነሳም ይቀንሳል። 6,000 ሊትር ብትይዙ ይሻላል።

አትክልት በበጋ በቀን ለካሬ ሜትር 4 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። በቦይ ሲጠጣ 40 በመቶው ከባከነ 6.7 ሊትር መሳብ ግድ ነው፤ ስለዚህ 6,000 ሊትር የሚበቃው ለ900 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የትኛው ሰብል ይተከል? ከሽያጩ የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የጉልበትና የቤንዚን ወጪ ቀንሳችሁ ቀሪውን ለጠጣው ሜትር ኩብ አካፍሉ። በሜትር ኩብ ብዙ ብር የሚያስገኘውን አስቀድሙ።

ኮታውን ወደ ደቂቃ ለውጡት። ሞተሩ ባለ 200 ሊትር በርሜል በ40 ሰከንድ ከሞላ 6,000 ሊትር 20 ደቂቃ ነው። ጠዋትና ማታ ክፈሉት፤ በአንዴ ከተሳበ ውሃው 5 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በጅማ ከፍታ ደግሞ መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር በተግባር ከ6 ሜትር በታች ያለን ውሃ መሳብ ይቸግረዋል፤ ቤንዚን እየበላ ባዶውን ይዞራል። ያኔ ሞተሩን ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱ አሉ። በፍጹም አይደረግም፤ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ሶላር ፓምፕ የቤንዚን ወጪ ስለሌለው የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ያለ ቆጣሪ አትፍቀዱ። ጠብታ መስኖም የተረፈው ውሃ ማሳ ማስፋፊያ ከሆነ ጉድጓዱን አይጠቅመውም። ኮታው በውሃ እንጂ በማሳ ስፋት አይታሰር።

ኮታው በየቀኑ ከሚወሰን ለወቅቱ በድምሩ ቢሰጥ ጥሩ ነው። በአሜሪካ ካንሳስ፣ ሸሪዳን አካባቢ ከ2013 ጀምሮ ለ5 ዓመት በድምሩ ማሳው ላይ ቢተኛ 55 ኢንች (1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ) ጥልቀት የሚኖረው ውሃ ተፈቀደ፤ ገበሬው በደረቅ ዓመት አብዝቶ፣ በዝናባማው አሳንሶ መጠቀም ይችል ነበር።

ደቂቃውን የሚመዘግብ የውሃ አባት ምረጡ። ቅጣቱ በትርፍ የተሳበው ውሃ ከሚያስገኘው ገቢ ይብለጥ፤ ካነሰ ሰው ከፍሎ ይስባል። ገመዱንም በየሳምንቱ አውርዱ፤ ከተስማማችሁበት ምልክት በታች ከሆነ የሁሉም ደቂቃ በሩብ ይቀነስ።