በአከራይ የተታለለ ተከራይ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በአከራዩ የተታለለ ሰው ብዙውን ጊዜ መብቱን የሚያጣው ሕግ ስለማይደግፈው ሳይሆን ለችሎት የሚያቀርበው ማስረጃ ስለሌለው ነው።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ገንዘብን ያለ ውልና ያለ ደረሰኝ በእጅ መስጠት ነው። መንደራ ቆጪ አካባቢ አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ የስድስት ወር ኪራይ በደላላ ፊት ቆጥሮ ካስረከበ በኋላ፣ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ብቻ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ወረቀቷ ላይ የገንዘቡ መጠንና አንድ ፊርማ እንጂ ስለየትኛው ቤትና ስለየትኞቹ ወራት እንደተከፈለ የሚገልጽ ነገር አልነበረም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥና ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዝዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚፈጸመው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ አፈጻጸሙን ከቀበሌዎ ይጠይቁ፤ በሁለት ምስክሮች ፊት የተፈረመ ውልና የባንክ ደረሰኝ ግን በየትም ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው የቤቱን ባለቤት ሳያረጋግጡ መዋዋል ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና መታወቂያውን አስተያይተው ይዩ፤ የሚያከራየው ወኪል ከሆነም ውክልናውን ይጠይቁ።

ሦስተኛው በንዴት ኪራይ ማቋረጥ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ አከራዩ አላድስም ቢል እንኳ፣ መክፈል ያቆመ ተከራይ ተበዳይ ሆኖ ሳለ ባለዕዳ ሆኖ ይከሰሳል። ኪራዩን በባንክ እያስገቡ የእድሳቱን ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል።

አከራዩ በሩን ቆልፎ ዕቃዎን ቢያግድ ቁልፉን ሰብረው አይግቡ። ጎረቤት ምስክር ይዘው፣ የተቆለፈውን በር ፎቶ አንስተው ለፖሊስ ያስመዝግቡ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 የተደነገገው የሁከት ይወገድልኝ ክስ፣ ማለትም ይዞታውን የተነጠቀ ወይም በይዞታው ላይ የታወከ ሰው የሚያቀርበው ክስ፣ የ2 ዓመት ገደብ ስላለው፣ ለእርስዎ ጉዳይ ይስማማ እንደሆነ የሕግ ባለሙያ ሳይዘገይ ማማከር ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላው ነገር እያንዳንዱን በደል ወደ ፖሊስ መውሰድ ነው። የራሱ ያልሆነውን ቤት የራሱ አስመስሎ ገንዘብ የተቀበለ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 በማታለል ሊጠየቅ ይችላል፤ ቅድሚያ ክፍያ አልመልስም ማለት ግን በአብዛኛው የውል ክርክር ስለሆነ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ችሎት ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ወራትን በከንቱ ያጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

በሽማግሌ መታረቅ መልካም ነው፤ ስምምነቱ ሳይጻፍና ሳይፈረም ግን ከሸንጎው አይነሡ። ፍርድ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈውን ውል አስቀድመው ያስተርጉሙ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ወደዚያ ሲሄዱ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኞቹንና የምስክሮቹን ስም ይዘው ይሂዱ።