ዲሳልፊራም ለሚወስድ ሰው ሌላ መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት

ታላቅ ወንድሜ መጠጥ ለማቆም ዲሳልፊራም በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዘው። ቤት የነበረውን የሳል ሽሮፕ በማንኪያ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ ቀላ፣ ልቡ በኃይል ይመታ ጀመር፣ ደጋግሞ አስመለሰው። ሽሮፑ አልኮል እንዳለበት ያወቅሁት ሆስፒታል ደርሰን ነው።

በመጀመሪያ የሚወስደውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ ቫይታሚንም ሆነ የባህል መድኃኒት አይቅር።

ከዚያ እያንዳንዱን ጠርሙስ ይመርምሩ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። ጉበት አልኮልን መጀመሪያ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለውጠዋል፤ ከዚያ ሌላ ኢንዛይም (በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያካሂድ ፕሮቲን) መርዙን ያከሽፈዋል። ዲሳልፊራም ይህን ሁለተኛውን ኢንዛይም ስለሚያግድ መርዙ ደም ውስጥ ይከማቻል። አልኮሉ ከብርጭቆም ይምጣ ከማንኪያ፣ ለጉበት ያው ነው። ጠርሙሱ ፊት ለፊት «ለሳል» ይላል እንጂ አልኮል አለበት አይልም፤ ጀርባውን አዙረው «ኢታኖል»፣ «ኤሊክሲር» ወይም «ቲንክቸር» የሚሉ ቃላትን ይፈልጉ። የአፍ መጉመጥመጫም አይታለፍ። ጽሑፉ ከጠፋ ወይም ካልተነበበ አይስጡ። ያው መድኃኒት በኪኒን ካለ ኪኒኑን ይጠይቁ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ሽሮፕ አልገዛም። የስልክ መተግበሪያዎችንም ብቻቸውን አላምንም፤ የመድኃኒት ስም ከስም ያነጻጽራሉ እንጂ ሽሮፑ የተበጠበጠበትን አልኮል ላያሳዩ ይችላሉ።

ቀጥሎ ዝርዝሩን ለፋርማሲስት ያሳዩ። ሜትሮኒዳዞል የተባለው ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ካለ ወዲያው ይናገሩ፤ ከዲሳልፊራም ጋር ሲገናኝ አእምሮን ሊያውክ ስለሚችል፣ ዲሳልፊራም ከቆመ 2 ሳምንት ሳይሞላ አይጀመርም። ደም እንዳይረጋ ከሚሰጠው ዋርፋሪን ጋር የመድማት አደጋ ይጨምራል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፊኒቶይን ደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ አይሶኒያዚድ ደግሞ አረማመድንና ጠባይን ሊለውጥ ይችላል። እነዚህን በራስዎ አያስቁሙ፤ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።

«ትናንት አቁሜዋለሁ» ማለት አይበቃም። ዲሳልፊራም ከቆመ በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ አልኮል ሊጎዳ ይችላል። ሲጀመርም ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ማለፍ አለበት። ሰውየው ሳያውቅ ዲሳልፊራምን ምግብ ውስጥ ጨምሮ መስጠት ደግሞ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ ጭንቀታችሁ ይገባኛል፣ ግን ፈጽሞ አታድርጉት።

ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። «ዲሳልፊራም እወስዳለሁ» የሚል ካርድም ኪሱ ውስጥ ይኑር፤ መናገር ሲያቅተው ሐኪሙ የሚያነበው እሱን ነው።